ሰርተፍኬቱ ፋይል ገባ፣ እኔ እዚያው ነኝ

ዛሬ ብሶቴን ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ስድስት ዓመት ስምሪት ክፍል ሠርቻለሁ። ሌሊት አስር ሰዓት ላይ ሾፌር ደውሎ "ጎማ ፈነዳብኝ" ሲል ከእንቅልፉ የሚነሳው እኔ ነኝ። የትኛው መኪና የት እንደደረሰ፣ የትኛው ሾፌር እንቅልፍ እንዳላገኘ፣ የትኛው ደንበኛ ሰነድ እንደሚያጓትት ጂፒኤስ ሳላይ እነግራችኋለሁ። የስምሪት ኃላፊነት ቦታ ሲከፈት ታዲያ ምን ተባልኩ? "ልምድህ ጥሩ ነው፣ ግን ወረቀት የለህም።"

ወረቀት! የየብስ ትራንስፖርት ሥልጠና ሰርተፍኬት ማለታቸው ነው። እሺ፣ እናመጣለን አልኩ።

ከመመዝገቤ በፊት ሒሳብ ሠርቻለሁ፤ ያን ያህል ሞኝ አይደለሁም። የትምህርቱ ክፍያ የሁለት ወር ደመወዜ ነው። ኃላፊ ከሆንኩ የሚጨመርልኝ የደመወዜ ሩብ ነው። ስለዚህ በ8 ወር ይመለሳል። አሪፍ!

ያልጻፍኩት ነው ጉድ ያደረገኝ። መመዝገቢያ ለብቻው ይከፈላል። ፈተና ለብቻው። መጽሐፍ የሚሉት ፎቶኮፒ ለብቻው። ቅዳሜ ቅዳሜ ትርፍ ሰዓት እሠራ ነበር፣ 12 ቅዳሜ ቀረብኝ። ደግሞ ሰርተፍኬቱን ለማሳተም ክፍያ አለው። ለወረቀቱ ከፍዬ ስጨርስ ወረቀቱን ለማተም ልከፍል? ከፈልኩ። ስደምረው የሁለት ወሩ ደመወዝ ሦስት ወር ተኩል ሆነ። በዚያው ጭማሪ ለመመለስ 14 ወር ይፈልጋል። ሰርተፍኬቱ የሚያገለግለው ደግሞ ለሁለት ዓመት ነው፤ ከዚያ እድሳት፣ እድሳቱም በክፍያ። እንግዲህ ጭማሪው በማግስቱ ቢጀምር እንኳ የማተርፈው 10 ወር ነው። ቢጀምር!

ስለ ክፍሉ ብዙ አልልም። አሠልጣኙ ስላይድ ያነብልናል፣ እኛም አብረን እናነባለን። የኢንኮተርምስ 2020ን፣ ማለትም ሻጭና ገዢ የማጓጓዣ ወጪና ኃላፊነት የሚካፈሉባቸውን 11 የንግድ ቃላት በተራ አስጠናን። እኔ በየቀኑ በእነሱ ስጨቃጨቅ የምውል ሰው ነኝ።

ግን አንዷን ቅዳሜ መካድ ነውር ነው። የዚያን ቀን የመጡት አሠልጣኝ የድሮ ሾፌር ናቸው። ስላይድ አልያዙም። የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ተሸክመው ገቡና ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። "ይቺን ጨርቅ አንብቦ የሚያውቅ አለ?" አሉን። ቀበቶው ላይ የተሰፋች ትንሽ ሰማያዊ ምልክት አለች፤ 2500 ዴካኒውተን ይላል፣ ወደ 2.5 ቶን ገደማ መሸከም ይችላል ማለት ነው። ስድስት ዓመት በእጄ ስነካው አንብቤው አላውቅም። ቀጠሉ። 20 ቶን የጫነ መኪና ድንገት ፍሬን ሲይዝ ጭነቱን ለመያዝ የክብደቱን 0.8 እጥፍ ያስባሉ፤ 16 ቶን ወደፊት ሲገፋ ማለት ነው። ከላይ አልፎ የሚታሰር ቀበቶ ሥራው ጭነቱን ወደ ወለሉ ተጭኖ መያዝ ነው። ቀጥ ብሎ ከወረደ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ታች ይሄዳል። ከወለሉ ጋር የሚሠራው ማዕዘን 30 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ግማሹ ብቻ። እኔ "ታስሯል" ብሎ ከመፈረም ውጪ አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ አይቼ አላውቅም። አፈርኩ። ለዚያች ከሰዓት በኋላ ብከፍል አይቆጨኝም ነበር። የቀሩት 11 ቅዳሜዎች ናቸው የሚያንገበግቡኝ።

ሰርተፍኬቱን ይዤ ሰው ኃይል ሄድኩ። ልጅቷ ኮፒ አደረገችው፣ "ከዋናው ጋር የተገናዘበ" የሚል ማህተም መታችበት፣ ፋይሌ ውስጥ አስገባችው። "ቦታውስ?" አልኳት። "መዋቅር እየተጠና ነው።"

መዋቅር እየተጠና ነው! እኔ ሳጠና እሱም ይጠና ነበር ማለት ነው።

ወዳጆቼ "ሌላ ቦታ ይጠቅምሃል" ይሉኛል። ተቀምጬ 10 የሥራ ማስታወቂያ አነበብኩ። ሰርተፍኬት የጠቀሱት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም "ቢኖር ይመረጣል" ነው የሚሉት። ስምንቱ ልምድ ብቻ። ልምድማ ነበረኝ እኮ!

በነገራችን ላይ ሁሉም ወረቀት እንዲህ አይደለም። በአውሮፓ የነዳጅ ቦቴ የሚነዳ ሰው የኤዲአር የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1957 ጄኔቫ ላይ የተፈረመው የአደገኛ ዕቃዎች የመንገድ ማጓጓዣ ስምምነት ነው የሚጠይቀው። 5 ዓመት ያገለግላል። ያለሱ መሪ አይጨብጥም። እዚያ ወረቀቱን የሚፈልገው ሕጉ ነው፣ ስለዚህ ቀጣሪው "ቢኖር" ማለት አይችልም። የእኔን ወረቀት የፈለገው አለቃዬ ብቻ ነበር። እሱም ለአንድ ቀን። ከመክፈሌ በፊት "ይህን ይዤ ስመጣ ቦታውን ትሰጡኛላችሁ?" ብዬ በጽሑፍ መጠየቅ ነበረብኝ። አፌ ምን ነካው?

ትናንት ሌሊት ደግሞ አንዱ ሾፌር ደወለ። ጭኖ ሊወጣ ነው። "ፎቶ ላክልኝ" አልኩት። ላከ። ዕቃው ከፍታው አጭር ስለሆነ ቀበቶው ጋደም ብሏል፤ 30 ዲግሪ ቢሞላ ነው። "ሁለት ቀበቶ ጨምር፣ ካልጨመርክ አትወጣም" አልኩት።

ትንሽ ዝም አለና፣ "ምነው፣ ኃላፊ ሆንክ እንዴ?" አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁበት።