ጌሙ ነው

ሰሞኑን ሒሳብ የወደቀ ልጅ ሁሉ ምክንያቱ አንድ ነው፤ ጌም። በእህቴ ፋንታ የወላጆች ስብሰባ ሄጄ የሰማሁትም ይህንኑ ነው። የሒሳብ መምህሩ «ሌሊት ፐብጂ የሚሉትን የተኩስ ጌም ሲጫወቱ ያድራሉ፣ ክፍል ውስጥ ዓይናቸውን ገልጠው ይተኛሉ» አሉ። ወላጅ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አንዲት እናትማ «እኔ ዋይፋዩን ነቅዬ አቅፌው ነው የምተኛው» ብለው ተጨበጨበላቸው።

እሺ፣ የእህቴ ልጅ ይጫወታል። ከትምህርት ቤት ሲወጣም ፕሌይስቴሽን ቤት ጎራ ሳይል አይመጣም። ግን ይኸው «ፐርሰንት አይገባውም» የተባለው ልጅ፣ 100 ሰው ከሰማይ ወርዶ ሲታኮስ ስንት እንደቀረ፣ ዞኑ (የመጫወቻው ክልል) መቼ እንደሚጠብ፣ ጥይቱ ያደርሰው እንደሆነ እየሮጠ ያሰላል። ፕሌይስቴሽን ቤት የሚከፍለው ተሸናፊ ስለሆነ የሰፈሩን ዕዳ በሙሉ በቃሉ ይዞታል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት በጣም ነው የምወደው። ሀገሩ በሙሉ ይተርተዋል፣ የሚሠራበት ግን ጌሙ ብቻ ነው የሚመስለኝ። አንዱን ደረጃ ሳታልፍ ሌላውን አያሳይህም። ብትሞት እንደገና ያስጀምርሃል እንጂ «ይሄ እኮ አምና የተማራችሁት ነው» ብሎ አያሸማቅቅህም። ክፍል ውስጥ ግን ክፍልፋይ ያልገባውን ልጅ ሰኞ ጠዋት ኢኩዌሽን ይጠብቀዋል። ምዕራፉ ማለቅ አለበታ!

ስክሪን ከተነሳ ደግሞ የእኛን የፕላዝማ ነገር ማን ይጠይቅልን? ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሃይስኩል ክፍል ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለና፣ ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ይወርድብን ጀመር። ሰውየው ይጠይቃል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ «ቬሪ ጉድ!» ይላል። ማንን ነው? ማንም አልመለሰም እኮ! አስተማሪያችን ጥግ ቆሞ እንደኛው ያያል። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ያለኛ ይቀጥላል፤ ሲመጣ ሰውየው ሌላ ርዕስ ውስጥ ገብቶ እናገኘዋለን። ያኔ «ልጆቻችንን ስክሪን አበላሸብን» ያለ ወላጅ አላየሁም። የመንግሥት ስክሪን ነበራ!

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከእነዚህ መካከል ስንቱ አጠገብ ነው ፕሌይስቴሽን ቤት ያለው? ስንቱስ ጋ ነው ኔትወርክ ያለው? መጽሐፍ ለሦስት የሚካፈል ልጅ ላይ «ጌሙ ነው» ብሎ መፍረድ ያናድዳል፣ በእውነት ያናድዳል።

ሌሊቱንስ? አዎ፣ ሌሊቱን መተኛት አለበት፣ እሱን እኔም ነግሬዋለሁ። ቻይና በ2021 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥታ ልጆች ኢንተርኔት ላይ የሚጫወቱትን ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል ቀን ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ አድርጋዋለች። እኛ ጋ ሕጉ ሳይወጣ መብራቱ እያስፈጸመው ነው፣ ሰዓቱን ብቻ ቀድሞ አይነግረንም።