«ሃምሳ አርግበት!»

ሰው ስለ ጤናህ ምክር ሲሰጥህ ቢያንስ «እኔ ሐኪም አይደለሁም ግን...» ብሎ ነው የሚጀምረው። ስለ ሞተር ዘይት ሲሆን ግን እቺ «ግን» እንኳን የለችም፣ በቃ ቀጥታ ትእዛዝ ነው። «ሃምሳ አርግበት!» አለቀ።

የኔ ጥፋት አንድ ናት። መኪናዋን በገዛሁ በሁለተኛው ሳምንት መስሪያ ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ «ለዚች መኪና ምን ዓይነት ዘይት ነው የሚሆናት?» ብዬ ጠየቅኩ። ከዛች ደቂቃ በኋላ ሥራ የሰራ ሰው አላየሁም። መኪና ያለውም የሌለውም ወንበሩን እየጎተተ መጣ፣ እንደውም የሌለው ነው የባሰው፣ ምክንያቱም ያለው ሰው አንድ ቀን ተሳስቶ ሞተር አስነክሶ ስለሚያውቅ ትንሽ ይፈራል፣ የሌለው ግን ምን ያስፈራዋል፣ ሃሳቡ ንፁህ ነው፣ ዘይት ነክቶት አያውቅም።

መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ ይባላል አይደል? ጥሩ። ሰባት መካሪ ያለው ሞተር ስንት ወር እንደሚቆይ ግን የተባለ ነገር የለም።

ከሰባቱ አምስቱ ሃምሳ ነው ያሉት፣ 20ደብሊው-50። ለምን ስላቸው ብዙ አወሩ፣ ወሬው ሲጨመቅ ግን አንድ ነው፦ ሃምሳ ከሠላሳ ይበልጣል። እኔ ይሄ ነገር ከትምህርት ቤት ይዘነው የመጣነው በሽታ ይመስለኛል። ፈተና ላይ ሠላሳ ያመጣ ልጅ ቤት ሲገባ ምን እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቃለን እኮ፣ ስለዚህ ጋሎኑ ላይ 30 የሚል ሲያዩ የወደቀ ዘይት ነው የሚመስላቸው። ዜሮማ በጭራሽ አይወራም። ለአንዱ ባልደረባዬ 0ደብሊው-20 የሚል ፎቶ ባሳየው ስልኬን ተቀብሎ አተኩሮ ካየ በኋላ «በገንዘብህ ዜሮ ልትገዛ?» አለኝ፣ የገዛ ልጁ ዜሮ ይዞ የመጣ ያህል ነው ፊቱ የጠቆረው።

ቁጥሩ ግን ነጥብ አይደለም፣ ውፍረት ነው። ያውም ሁለቴ የተለካ ውፍረት። ከደብሊው በፊት ያለው ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚሆን ነው የሚናገረው፣ ባነሰ ቁጥር በብርድ ቶሎ ይፈሳል፣ 5ደብሊው የሚባለው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈተነው፣ 20ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች 15 ላይ። ከኋላ ያለው ቁጥር ደግሞ በ100 ዲግሪ፣ ማለትም ውሃ በሚፈላበት ሙቀት፣ ዘይቱ ምን ያህል ወፍራም ሆኖ እንደሚቆይ ነው። ያ ነው እንግዲህ። ጠዋት ቁልፍ ስታዞር ዘይቱ ከታች ከኮፓው (ከዘይት መያዣው) ተስቦ ላይ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጋ እስኪደርስ ባለችው ትንሽ ጊዜ ነው ሞተር በብዛት የሚበላው፣ እና ወፍራም ዘይት ጠዋት ላይ ልክ እንደኔ ነው፣ ተጠርቶ ተጠርቶ፣ ብርድ ልብሱ ተገፎ፣ ተቆጥተውት ነው የሚነሳው።

ደብሊው ምንድነው ለሚለው ደግሞ ሌላ ጉባኤ ተቀመጠ። አንዱ «ዌይት ነው፣ ክብደቱ» አለ። አንዱ «ዋተር» አለ። ዊንተር ነው ስላቸው ዝም አሉ፣ ዝም ሲሉ ጊዜ ጎሽ ገባቸው ብዬ «ክረምት ማለት ነው፣ ብርዱን ለማለት» ብዬ ባብራራ አንዱ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ «አሃ! ዝናብ የማያስገባ ነዋ!» አለ። እኔም ተውኩት።

ለፍትህ ያህል ግን ሃምሳዎቹ ከመሬት ተነስተው አይደለም የሚያወሩት። ሞተሩ ያረጀ፣ የፒስተን ቀለበቱ የተበላ፣ ዘይት እንደ ውሃ የሚጠጣ መኪና ካለህ ትንሽ ወፈር ያለ ዘይት መጠጡን ሊቀንስለት፣ ድምፁንም ሊያለሳልሰው ይችላል። ብዙ ማኑዋልም ራሱ እንደ አየሩ ሙቀት ሁለት ሦስት አማራጭ ይሰጣል። ችግሩ ሰውየው የዛሬ ስንት ዓመት ለአንዲት ሽማግሌ መኪና የሰራችለትን መድኃኒት ይዞ ትናንት ለተወለደችው ሁሉ ማዘዙ ነው፣ ያያቱን የጉልበት መድኃኒት ለጨቅላ እንደመስጠት በለው። የአሁኖቹ ሞተሮች የዘይት መንገዳቸው ጠባብ ነው፣ የቫልቩን ሰዓት የሚያስተካክለው ዕቃ እንኳ በብዙዎቹ ላይ በዘይት ግፊት ነው የሚሰራው፣ ቀጭን ተብሎ የተሰራለትን ወፍራም ስትግተው ይቀየማል።

ከቁጥር የተረፈው ደግሞ ፊደል ላይ ይወድቃል። አንዱ በነፃ ያገኘውን ዘይት ሊሰጠኝ ይዞልኝ መጣ (ነፃ ዘይት የሚሰጥህን ሰው ሁለቴ እየው)፣ ጎኑ ላይ «ኤፒአይ ኤስኤፍ» ይላል። ኤፒአይ የዘይት ደረጃ የሚያወጣው የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም ነው። ኤስኤፍ ምንድነው? «ሱፐር ፋይን!» ፍጥነቱ ነው የገረመኝ፣ አይኑን እንኳን አላርገበገበም። ኤስ ለቤንዚን ሞተር ነው፣ ሲ ቢሆን ለናፍጣ፣ ሁለተኛዋ ፊደል ደግሞ ወደፊት በሄደች ቁጥር ዘይቱ አዲስ ነው ማለት ነው፣ ኤስኤን በ2010 መጣ፣ ኤስፒ በ2020 (ሁሉም በፈረንጅ)። በቤንዚን አዲሱ ያሮጌውን ሥራ ይሸፍናል፣ አሮጌው ግን ያዲሱን አይሸፍንም። ሱፐር ፋይኑ ከ1988 በኋላ ለተሰሩት አብዛኞቹ ሞተሮች አይሆንም ተብሎ የተቀመጠ ዘይት ነው። አመስግኜ ተቀበልኩት፣ የበራችን ማጠፊያ ሲጢጥ ይል ነበር አሁን ፀጥ ብሏል፣ በሩ ከ1988 በፊት የተሰራ መሆን አለበት።

የዘይት ቀለም የሚያዩትንም አልረሳሁም። ገና ሳምንት ሳይሞላው «ጠቁሯል፣ ተቃጥሏል፣ በቃ ቀይረው» የሚሉ። ወንድሜ፣ ዘይት ውስጥ እኮ ሞተሩን የሚያጥብ ኬሚካል አለ፣ ጥላሸቱን ይዞ ስለሚዞር ነው የሚጠቁረው፣ ናፍጣ ሞተር ላይማ ገና ከመቀየሩ ነው የሚጠቁረው። የልብስ እጣቢ ጠቆረ ብሎ ሳሙናውን የሚከስ ሰው አይቼ አላውቅም። ይልቅ ነጣ ብሎ ወተት የመሰለ ቀን ደንግጥ፣ ያኔ ውሃ ገብቶበት ይሆናል፣ ከራዲያተሩ መስመር መጥቶ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የዘይት ሳይሆን የቴስታታ ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ።

ጋሼ ጎረቤቴ ናቸው፣ ዱሮ ትልቅ መኪና ነድተዋል፣ ኮፈን ሲከፈት ከሦስት ቤት አልፈው ይሰማቸዋል። እሁድ ጠዋት ገና ኮፈኑን ብድግ ሳደርገው አጠገቤ ቆመዋል፣ ከየት እንደመጡ አላየሁም። የዘይት መለኪያውን መዘዙት፣ ከኪሳቸው መሃረብ አወጡ፣ ጠረጉት፣ መልሰው ከተቱት፣ እንደገና መዘዙት፣ ከዛ ዘይቱን በአውራ ጣትና በአመልካች ጣታቸው መሃል ያዙና ጣቶቻቸውን ቀስ ብለው አላቀቁ፣ ክር ሲሰራ በፀሐይ አዩት፣ አሸተቱት። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ። «ቀጥኗል» አሉ፣ ቃላቸው የዳኛ ነው። «ይቺ ልጅ ሃምሳ ነው የምትፈልገው። ደግሞ ስታስሞላ አትሰስት፣ ከምልክቱ ትንሽ ከፍ አድርጋት፣ ዘይት በዝቶ የሞተ ሞተር የለም።»

አለ እኮ! ዘይት ከላይኛው ምልክት በደንብ ሲያልፍ ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) እየደበደበው አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ብረት አይሸከምም። በብዙ መኪና በሁለቱ ምልክት መሃል ያለችው አንድ ሊትር ገደማ ናት፣ ሜዳ ላይ አቁመህ፣ ሞተሩን አጥፍተህ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀህ በመሃላቸው ከሆነች በቃ ተዋት። ይሄን ሁሉ ግን ለጋሼ እንዴት ብዬ ልበላቸው፣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ መሪ የጨበጡ ሰው ናቸው፣ ጌታዬ አዎ ጋሼ እሺ ጋሼ እያልኩ ቆሜ ሳለሁ ነው ግራ እጃቸውን ያሳረፉበትን ነገር ያየሁት።

የዘይቱ መሙያ ክዳን ነው። መዳፋቸው ሸፍኖታል። ወደ ሌላው ጎን ለማየት ዘወር ሲሉ እጃቸው ተነሳ፣ ክዳኑ ላይ በፕላስቲኩ ላይ የተቀረፀ፣ አቧራ የለበሰ ጽሑፍ አለ፦ 5ደብሊው-30።

ሰባቱ የመስሪያ ቤት ሰዎችም ባለፈው አርብ ይሄንኑ ክዳን ከበው ነበር የተከራከሩት፣ እንደውም አንዱ ስልኩን አስቀምጦበት ነበር። ማታ ደግሞ የዳሽቦርዱን መሳቢያ ከፍቼ ማኑዋሉን አወጣሁት፣ ላስቲኩ እንኳን አልተቀደደም፣ ከኔ በፊት ይዟት የነበረው ሰውም ጎረቤት ነበረው ማለት ነው። እዛም ያው ነው፣ 5ደብሊው-30፣ ኤስኤን ወይም ከሱ በላይ፣ ከነፊልትሮው ይሄን ያህል ሊትር። አንድ ገጽ። ሥዕል ሁሉ አለው።

ሄድኩ፣ አስቀየርኩ፣ የተጻፈውን። መካኒኩ ራሱ «ሃምሳ ይሻልሃል» ብሎኝ ነበር፣ ክዳኑን ሳሳየው «የፈለግከውን» አለኝና ተኮሳተረ።

ስመለስ ጋሼ በር ላይ ቆመዋል። «ምን አስደረግክ?» አሉኝ። እንግዲህ ማስረዳት ይቻል ነበር፣ ስለ 100 ዲግሪው፣ ስለ ዊንተሩ፣ ስለ ክዳኑ። አይናቸውን አየሁና «ሃምሳ» አልኩ።

ቀረብ ብለው ጆሯቸውን ወደ ኮፈኑ አዘነበሉ። ሞተሩ እየሰራ ነው። አይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፣ ቆዩ፣ ከዛ ትከሻዬን መታ አድርገው «ሰማኸው? ሃምሳ ማለት እንዲህ ነው!» አሉና ወደ ቤት ገብተው ለቀጣዩ ጊዜ እንዲሆነኝ ሙሉ ጋሎን 20ደብሊው-50 ይዘውልኝ ወጡ። እስካሁን የኋላ ኮፈን ውስጥ ነው ያለው፣ መንገድ በታጠፍኩ ቁጥር ጓ ይላል።