ውጤቱ የልጅቷ ነው

ባለፈው ሳምንት በአንድ የኤፍኤም ፕሮግራም ላይ የቀረቡ እንግዳ ሲመክሩ ሰማሁ። ያረገዘች የ17 ዓመት ልጅ አልትራሳውንድ ታይታ ፅንሱ ላይ ችግር ከተገኘ፣ ለእሷ አይነገር፤ ለእናቷ ይነገር አሉ። ምክንያታቸው? «ልጅ ናት፣ ትደነግጣለች።»

እንዴ! ምጥ ሲመጣ «ልጅ ናት» ተብሎ የሚቀርላት ነገር አለ? ለማማጥ ደርሳለች፣ ለማጥባት ደርሳለች። ለመስማት ሲሆን ግን ሕፃን ሆነች።

ደግሞስ ዝም ከተባለች አትደነግጥም ያላቸው ማን ነው? ጄሉ ከሆዷ ላይ ሳይጠረግ ስክሪኑ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ሐኪሙ ከነርሷ ጋር በእንግሊዝኛ ያወራል። እናት ብቻዋን ትጠራና ዓይኗ ቀልቶ ትወጣለች። ይሄንን ቁጭ ብላ ያየች ልጅ ምን የቀራት ድንጋጤ አለ?

ያልተነገራት ልጅ ምክንያቱን ራሷ ትፈልግለታለች። ተደብቄ ስላረገዝኩ ነው፣ ሆዴን በነጠላ አጥብቄ ስላሰርኩት ነው፣ እግዜር ቀጣኝ ትላለች። ጎረቤት ያግዛታል። እንግዳችንም «ተጠንቅቃ ቢሆን ኖሮ» ብለው አገዙ።

በምን ትጠንቀቅ? ስፓይና ቢፊዳን እንውሰድ፤ የፅንሱ ጀርባ በትክክል ሳይዘጋ ሲቀር የሚመጣው ችግር ነው። መዘጋት ያለበት ከተፀነሰ እስከ 28ኛው ቀን ድረስ ነው። ያኔ ብዙዋ ልጅ የወር አበባዋ ዘገየ ወይስ ቀረ እያለች ገና እየጠረጠረች ነው። ችግሩን ለመቀነስ የሚረዳው ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን ደግሞ ከእርግዝና በፊት ጀምሮ በቀን 400 ማይክሮግራም መወሰድ አለበት። ክትትል ጀምራ ኪኒኑ እጇ ሲገባ ለዚህኛው ነገር ረፍዷል። በ2014 ዓ.ም. ፎሊክ አሲድ ዱቄት ውስጥ እንዲጨመር አስገዳጅ ተደርጓል፤ እሰየው። ግን እሱ የፋብሪካ ስንዴ ዱቄት ነው፤ ሰፈር ወፍጮ ቤት የተፈጨ ጤፍ አይደለም። ስላስረገዛት ሰው ጥንቃቄ፣ በነገራችን ላይ፣ በፕሮግራሙ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ይቺን የ28 ቀን ነገር አንድ ሰው በቀላል አማርኛ ቢነግራት የስንት ሌሊት ለቅሶ ይቀርላት ነበር!

እናት አትገኝ አላልኩም። ልጅቷ ከፈለገች አጠገቧ ትቀመጥ፣ እጇን ትያዝ።

ማወቋ ለስሜቷ ብቻም አይደለም። ጀርባው ክፍት ሆኖ የሚወለድ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፤ ካልሆነ ኢንፌክሽን ይቀድመዋል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው ያለበት ሆስፒታል አካባቢ መውለድ አለባት፤ ለዚያ ደግሞ ገንዘቡም ማረፊያውም ቀድሞ ይታሰባል። ፅንሱ ላይ የታየው ችግር ከባድና የማይድን ከሆነ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ማቋረጥን ይፈቅዳል። ታቋርጥ አላልኩም፣ ትውለድ አላልኩም። ግን ሳይነግሯት ሌላ ሰው ከወሰነላት ምክር አይባልም፤ መቀማት ነው። ሪፈር ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የእሷ ስም ነው። ለእሷ ይሰጣት፣ ምን እንደሚልም ይነበብላት።