ይድረስ ለክቡር የደረሰኝ ፎቶግራፍ

ባሉበት ስልክ ሁሉ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ባለፈው ወር ቅዳሜ ከእርስዎ ጋር ካደረግነው ትውውቅ በስተቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ጅማም ደህና ናት። ዝናቡ ዘንቧል፣ አዌቱ ሞልቷል፣ መብራቱም እንደ ልማዱ ሄዶ ተመልሷል።

ደብዳቤዬን በአደባባይ ያደረግሁት እርስዎ አንድ ቤት ስለሌለዎት ነው። ዛሬ በእኔ ስልክ ያድራሉ፣ ነገ አጋሮ ባለ ቡና ነጋዴ ስልክ ላይ ይነጋልዎታል። ደግሞም ክብርዎ ትልቅ ነው። ሰው ከአባቱ ይልቅ እርስዎን እንደሚያምን በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁትም በራሴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ዓመት ያገለገለኝን ቲቪኤስ ሞተር ሳይክሌን በ185 ሺህ ብር ለመሸጥ አስነገርኩ። በማግስቱ ከሚዛን ነኝ የሚል ሰው ደወለ። እንዲህ ያለ ገዢ ከዚያ በፊት አላየሁም፣ ከዚያም በኋላ እንዳላይ እጸልያለሁ። ዘይት ይበላል ወይ አላለም። ሰንሰለቱን አልጠየቀም፣ ጎማውን አልጠየቀም፣ ቦሎው መቼ ያልቃል አላለም። የጅማ ሰው በርጩማ ሲገዛ እንኳን ገልብጦ ሦስቱን እግሮች ያያል። ይህ ሰው ግን አንድ ብር ሳያስቀንስ «ወንድሜ፣ ዋጋህ ጥሩ ነው፤ የሒሳብ ቁጥርህንና ሙሉ ስምህን ላክልኝ» አለ። ዋጋ የማይከራከር ገዢ ገንዘቡ የራሱ አይደለም፣ ወይም ጭራሹን ገንዘብ የለውም። ይህን ዛሬ ነው የምለው። ያን ዕለት ያልኩት «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ገጠመኝ!» ነበር።

ከዚያ እርስዎ መጡ። ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ። ስለ ሰዓት አከባበርዎ ሳላመሰግንዎ ማለፍ ነውር ይሆንብኛል፤ የባንኩ በር ከመዘጋቱ አንድ ደቂቃ ቀድመው አይደርሱም። ምንኛ አምሮብዎት ነበር! የባንኩ ዓርማ ከላይ፣ ክብ ውስጥ ያለ አረንጓዴ ምልክት ከመሐል፣ ስሜ እስከ አያቴ፣ ከሥሩ 185,000.00 ብር። ሳንቲሙ እንኳ አልተዘነጋም። የላከዎት ገዢ ወዲያው ደወለ። «ደረሰኙ ደርሶሃል አይደል? አይሱዙው ሌሊት 11 ሰዓት ይነሳል፤ ዛሬውኑ ጫንልኝ። ሊብሬውንም ለሾፌሩ ስጠው።»

ሒሳቤን ከፈትኩ። የነበረው 3,412 ብር እንደነበረ አለ። ደግሜ ከፈትኩ፣ ያው ነው። መልሼ ስደውልለት ያለኝን ገምተውታል፤ «ሲስተም ነው።»

ክቡር ሆይ፣ ይህ ሲስተም የሚባለው ሚዜዎ ባይኖር እርስዎ ከቤት እንደማይወጡ ተረድቻለሁ። እዚህ አገር ቀጥተኛው የባንክ ሠራተኛ «ሲስተም የለም» ይለናል፣ የመብራት ሒሳብ ተቀባዩ «ሲስተም የለም» ይለናል፣ ልደት ልናስመዘግብ ስንሄድ «ሲስተም የለም» እንባላለን። ስለዚህ ሌባው ያንኑ ቃል ሲናገር የምንሰማው የምናውቀውን ዜማ ነው። ቅን ሰዎች ዓመት ሙሉ ያለማመዱንን ትዕግሥት እርስዎ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያጭዱታል።

ለማሳጠር፣ ሞተሩን እየነዳሁ መናኸሪያው አካባቢ አይሱዙዎች ወደሚጭኑበት ሄድኩ። ሁለት ወዛደሮች በጣውላ ሊያወጡልኝ መሪውን ይዘዋል። እዚያ ቆመው የቡና ጆንያ የሚያስቆጥሩ ጎረቤቴ ሐጂ ነበሩ።

«ሸጥከው?» አሉኝ።

«ሸጥኩት፣ ሐጂ።»

«ገንዘቡስ?»

ስልኬን አውጥቼ እርስዎን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው ረጅም ጊዜ ተመለከቱዎት። «ይህማ ሥዕል ነው» አሉ። «ለሥዕል ብር የሞተር ሥዕል ይበቃዋል። አንሳና ላክለት።»

ወዛደሮቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ግን መሪውን ተቀበልኳቸው።

ሐጂ ያን ማታ ቡና ላይ የነገሩኝን ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ በሂርማታ ገበያ ቡናና የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ማር ይለዋወጥ የነበረው በአሞሌ ጨውና በማሪያ ቴሬዛ ብር ነው። ብሩ ላይ 1780 የሚል የአውሮፓ ዓመት ተቀርጾበታል። ንግሥቲቱ የሞተችውም በዚያው ዓመት ነው፤ ብሩ ግን ከእሷ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ መልኳንና ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲታተም ኖረ። ነጋዴው ታዲያ እንዲሁ አይቀበልም። የንግሥቲቱን የደረት ጌጥ ወደ ብርሃን አዙሮ ዕንቁዎቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል። አንድ ዕንቁ ከጎደለ ወይም ከደበዘዘ ብሩን ይመልሳል። ማንበብ የማይችል ሰው የሞተች የባዕድ አገር ንግሥት ዕንቁ ቆጥሮ ሀብቱን ጠበቀ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ዲፕሎማ ጨምሬ፣ የራሴን ሒሳብ ቀሪ ማየት ሰነፍኩ።

ቆይቼ ዕንቁዎችዎን ቆጠርኩ። የእኔና የአባቴ ስም በአንድ ዓይነት ፊደል ተጽፏል፤ የአያቴ ስም ወፈር ብሏል። ከግርጌዎ ያለውን የግብይት መለያ ቁጥር ሰኞ ጠዋት ባንክ ወስጄ ለገንዘብ ከፋይዋ ሰጠኋት። ቁጥሩ ወደ እኔ ሒሳብ የመጣ ገንዘብ እንዳልሆነ ነገረችኝ። የሌላ ሰው የቆየ ደረሰኝ ነበሩ ማለት ነው፤ ልብስ ቀይረው፣ ስም ቀይረው ወደ ጅማ የዘመቱ። የሚዛኑ ስልክ ያን ጊዜ ጠፍቷል።

ከዚያ ወዲህ ቤተሰብዎን ለመተዋወቅ ዕድል አግኝቻለሁ። በሳምንቱ ወንድምዎ አጭር መልእክት ጎበኘኝ። እርሱ ከእርስዎ ይልቅ ቸር ነው፤ 205,000 ብር እንደገባልኝ አበሰረኝ። ቀጥሎ ሌላ ገዢ ደወለና «ወንድሜ፣ በስሕተት 20 ሺህ ተርፏል፤ እርሷን ብቻ ለሾፌሩ በቴሌብር ላክለት» አለኝ። ዘዴውን አደነቅሁ። ሞተሩን መስጠት የፈራ ሰው ትርፍ መመለስን አይፈራም፣ ምክንያቱም መመለስ ጨዋነት ነው። እኛን ዘራፊ የሚያገኘን በስስታችን ብቻ አይደለም። ምስኪን ወንድምዎን ያጋለጠው የመጣበት በር ነው። የባንክ መልእክት ከባንኩ ስም ሥር ይመጣል፤ ይህኛው ከአሥር አሃዝ ተራ የሞባይል ቁጥር ነበር የመጣው። ደግሞም እንደ እርስዎ ሁሉ ሒሳቤ ውስጥ አልገባም።

የአጎትዎን ልጅ፣ የሞተር ፎቶግራፍን፣ ያወቀው የእህቴ ልጅ ነው። አንድ ሻጭ አዲስ አበባ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ሞተር አሳየው። ከዚህ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ልጁ «ሰው ልኬ ላሳየው» ሲል ሻጩ «ከተማው በ2011 ሰኔ መጨረሻ በሞተር ላይ ገደብ ካወጣ ወዲህ እንደ ልብ ወጥቼ አላሳይም፤ ሦስት ሰዎች ደግሞ እየጠየቁኝ ነው፣ 15 ሺህ ቀብድ ላክና ልያዝልህ» አለው። እውነት ላይ የተደገፈ ውሸት እንዴት ያለ ጠንካራ ምርኩዝ አለው! ከዚያ የሊብሬው ፎቶ መጣ። ከዚያ የመታወቂያው ፎቶ መጣ። እግዚአብሔር ያሳይዎት፣ ሻንሲ ቁጥሩ ብቻ በጣት ተሸፍኖ ነበር። ልጁ ቀብዱን ላከ።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቀብድ ግሩም ነገር ይላል። በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ፤ 30 ሺህ ብር ሊቀበል ነዋ! ችግሩ ሕጉ ተቀባዩን እንጂ የተቀባዩን ፎቶግራፍ ከስሶ አያውቅም። በመታወቂያው ላይ ያለው ሰው ምናልባት የራሱን ሞተር ሊሸጥ ብሎ መታወቂያውን ለማያውቀው ሰው የላከ እንደ እኔ ያለ የዋህ ሊሆን ይችላል።

አሁን ፍትሐዊ ልሁን። በመሐላችን ያለው መንገድ ረጅም ነው፣ ችግሩም እውነተኛ ነው። ሻጭ «ገንዘቡ ይቅደም» ይላል፣ ገዢ «ሞተሩ ይቅደም» ይላል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ጥሬ ገንዘብ በጆንያ ይዞ ጊቤን የሚሻገር ሰው እንቅልፍ የለውም። እርስዎ የገቡት በዚህ ክፍተት ነው። ለሁለቱም የሚፈልጉትን አሳዩአቸው፤ ለሻጭ ገንዘብ፣ ለገዢ ሞተር። የጅማ በርጩማ ሦስት እግር አለው ብዬዎታለሁ። የእኛም ንግድ ሦስት እግር ነበረው፤ ገንዘቡ፣ ሞተሩና ሊብሬው። ሦስቱም አንድ ቦታ፣ በአንድ ጠዋት መሬት ካልነኩ የተቀመጠው ሰው ይወድቃል። እርስዎ አንዱን እግር በሥዕል ተክተው «ተቀመጥ» ይላሉ።

እንግዲህ ሞተሩ መሸጡን ስነግርዎ እንዳይከፉ። ገዢው ከቦንጋ መጣ፤ በአካል፣ በአውቶቡስ፣ መካኒኩን አስከትሎ። እንዴት ያለ አስቸጋሪ ሰው ነበር! ጀርባው በጭቃ እስኪላቆጥ መሬት ተኝቶ ከሥር አየው። የመሪው አንገት ላይ የተቀረጸውን ሻንሲ ቁጥር በባትሪ እያበራ፣ እያንዳንዱን ፊደል ጮክ ብሎ እየጠራ ከሊብሬው ጋር አስተያየ። የሞተር ቁጥሩንም እንዲሁ። ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሣው፣ ጅሬን ዳገት ላይ ወጣበት፣ ወረደበት፣ ተመልሶ «ፍሬኑ ይጮኻል» አለ። አዎን፣ ይጮኻል። 172 ሺህ ላይ እስክንስማማ ሁለት ጀበና ቡና አለቀ። ሲከራከረኝ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ፤ ገንዘብ ያለው ሰው ነው!

ገንዘቡን ያመጣው በሲፒኦ ነበር። ከመነሣቱ በፊት ባንኩ ከሒሳቡ ቀንሶ በእኔ ስም የጻፈው የክፍያ ማዘዣ ነው፤ መንገድ ላይ ቢሰረቅ ሌላ ሰው አይመነዝረውም። ዋጋው ገና ስላልተቆረጠ ሲፒኦውን በ165 ሺህ ብቻ አስጽፎ ነበር፤ ስንስማማ የሚጎድለውን በሞባይል ሊጨምርልኝ፤ ብልህ ሰው። እኔም በተራዬ ተንኮለኛ ሆንኩ። ወረቀቱ ምንም ያህል ማኅተም ቢኖረው ከእጁ አልተቀበልኩም። ሁለታችንም ወደዚያው ባንክ ቅርንጫፍ ሄድን፣ ሠራተኛዋ ቁጥሩን አጣራች፣ ሒሳቤ ውስጥ አስገባች፣ ቀሪውን 7 ሺህ እዚያው ቆሞ ላከልኝ፣ ከዚያ «የእኔ እህት፣ አሁን ያለኝን ቀሪ ንገሪኝ» አልኳት። ነገረችኝ። ድጋሚ አስነገርኳት።

ከባንክ ወጥተን ምስክሮች ፊት ውል ተፈራረምን፤ ከሰዓት በፊት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ገብተን የስም ዝውውሩን ጀመርን። ገዢው «ቁልፉን ስጠኝና ስሙን ሌላ ጊዜ እንጨርሳለን» ብሎ ነበር፤ እምቢ አልኩ። በዚያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ተጠያቂ ነው። ቦንጋ ላይ ፍየል ቢገጭ ጅማ ላለሁት ለእኔ መጥሪያ እንዲመጣ አልፈልግም። ቁልፉን የሰጠሁት ወረቀቱ ሲያልቅ ነው። ፍሬኑ እየጮኸ ሄደ።

ብቻዬን ስቀር ደስታዬን ለሰው ማካፈል ፈለግሁ። የባንኩን ደረሰኝ ግድግዳ ላይ አስደግፌ ፎቶ አነሣሁና ለባለቤቴ ላክሁላት። ይቅር ይበሉኝ፣ ክቡር፤ በገዛ እጄ ወለድኩዎ።

ወዲያው መለሰችልኝ። «ይሄንንማ አይቼዋለሁ። ወደ ቤት ስትመጣ አንድ ኪሎ ሥጋ ገዝተህ ና፤ ያኔ አምናለሁ።»

አክባሪዎ፣
የቲቪኤስ ባለቤት የነበረው፣ ጅማ