ባሕርና ዛፍ ሁሉንም አይመጥጡም

«ባሕርና ዕፅዋት የምንለቀውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙሉ በሙሉ ይመጥጡታል፤ ስለዚህ ከፋብሪካና ከመኪና የሚወጣው ጭስ የአየሩን ጠባይ አይለውጥም» የሚለው ሐሳብ እዚህም እዚያም እየተደጋገመ ነውና በአክብሮት ላርመው። ግማሹ እውነት ነው፤ ያውም በቁጥር ግማሹ። ከምንለቀው ውስጥ ሩብ ያህሉን ባሕር፣ ከሩብ ትንሽ የሚበልጠውን ደግሞ በየብስ ላይ ያሉ ዕፅዋትና አፈር ይወስዳሉ። የቀረው፣ ግማሽ የሚጠጋው፣ አየር ላይ ይከማቻል። ሁለት ጣሳ ሲጨመርበት አንድ ብቻ የሚቀነስለት እንስራ መሙላቱ አይቀርም።

ማጣራት ለሚፈልግ፣ በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልኬት ለማንም ክፍት ነው። ያኔ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 315 ገደማ የነበረው በ2024 ከ420 አልፏል። ልኬቱን የሚያሳየው መስመር በየዓመቱ ከግንቦት እስከ መስከረም ዝቅ ይላል፤ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ዕፅዋት የሚለመልሙበት ወቅት ነውና (ምድር የምትተነፍስ ያስመስላታል)። ስለዚህ ግንቦትን ከመስከረም ሳይሆን ካለፈው ዓመት ግንቦት ጋር ያነጻጽሩ።

ደግሞም ባሕር የወሰደው ጠፍቶ አይቀርም። ከውኃው ጋር ተዋሕዶ አሲድ ይሆናል፤ ከኢንዱስትሪው ዘመን መባቻ ወዲህ የውቅያኖስ ገጽ አሲድነት በ30 በመቶ ገደማ ጨምሯል፤ ኮራልና ባለዛጎል እንስሳት አካላቸውን ለመገንባት ይቸገራሉ። ዛፍም ሲቃጠል ወይም ሲበሰብስ ያጠራቀመውን መልሶ ይለቃል። ችግኝ መትከል መልካም ነው፤ «ተክለናልና ነዳጁን እንደልብ እናቃጥል» የሚለው ስሌት ግን ከዚሁ ስህተት የተወለደ ነው።