የአጎቴ ዕድሜ

አጎቴ ለፋሲካ መቶ ሦስት ዓመታቸው ነበር፤ ባለፈው እሑድ ጣና ዳር ተቀምጠን ቆሮሶ ስንበላ መቶ ስምንት ገቡ። አጥንቱን አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ "የእኛ ዘር ዕድሜ አለው፤ የዘጌ ውሃ ነው" አሉ። አባቴ ታናሽ ወንድማቸው ነው። ያንኑ ውሃ ጠጥቶ በስልሳ አንድ ዓመቱ ሞተ። እሱን ማንም አያነሳውም።

የልጅ ልጃቸው ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ስለ ኦኪናዋ፣ ስለ ሰርዲኒያ ተራሮችና ስለ ኢካሪያ ደሴት ያነብላቸው ጀመር፤ መቶ ዓመት የሞላው ሰው የበዛበት "ሰማያዊ ዞን" ነው እያለ። አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ዘጌን ረስተዋታል።"

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የምትለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 የቶኪዮ ሹማምንት 111 ዓመት የሞላቸውን አዛውንት "እንኳን ደስ አለዎት" ሊሉ ቢሄዱ፣ ሰውየው ለካ ከሞቱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸው አልጋቸው ላይ ደርቀዋል፤ ቤተሰቡ ጡረታ ይበላል። መዝገቡ ሲገላበጥ ከ230,000 በላይ ባለ መቶ ዓመቶች የገቡበት ጠፋ። ያውም ጃፓን!

እኛማ የልደት ምዝገባን በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመርነው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። መዝገብ ካነሳሁ አይቀር፣ እኔ የተወለድኩት በሰኔ ነው። አንድ ጸሐፊ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "መስከረም 1" ብሎ ጻፈኝ። ላስተካክል ብመላለስ "ማስረጃ አምጣ" አለኝ። እናቴን ይዤ ሄድኩ። "እሳቸው ማስረጃ አይሆኑም" አለ! የወለደችኝ እሷ ናት፤ እሱ እዚያ ነበር እንዴ?

ምን ነበር የያዝኩት? ዘር። ዴንማርክ ውስጥ በመንታዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት፣ በሰውና በሰው መካከል ላለው የዕድሜ ልዩነት ዘር የሚጠየቀው ሩቡን ያህል ነው ይላል። መሬት ደምን መቅረጹ ግን እውነት ነው፤ ሰሜን ተራራ 3,500 ሜትር ገደማ ላይ የሚኖረው ሰው አየሩ ሳስቶበት እንኳ በደሙ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢን መጠን እንደ ባሕር ጠለል ሰው ነው። ጣና ግን 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ እዚህ የምትፈትነን የወባ ትንኝ ናት።

አጎቴ "ጣሊያን ሲገባ እረኛ ነበርኩ" ይላሉ። 1928 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ዘንድሮ መቶ ስምንት ከሆኑ ያኔ አሥራ ስምንት ነበሩ። የጎጃም የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ሚስት አግብቶ ያርሳል እንጂ ጥጃ ይጠብቃል? ስምንት ቢሆኑ ነው። ዘጠና ስምንት ደግሞ ምን ያንሳል!

አስተናጋጁ "መቶ ስምንት" ሲባል ሰምቶ ትሪውን አስቀመጠና ጉልበታቸውን ሳመ። "የእኔን ዕድሜ ይስጥህ" ብለው መረቁት። የትኛውን እንደሆነ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ ሁለተኛ ቆሮሶ አዘዙ።