«ጋዝ ጨርሷል» ለምትሉን ሁሉ

ዛሬስ ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ። ረጅም ነው፤ ቡና አፍሉና አንብቡት።

የመኪናዬን ኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣውን) ከማስተካከሌ በፊት፣ አንድ ሐሙስ ዕለት ከአጋሮ ስንመለስ ዝናብ ያዘን። ዝናብ ስል ዶፍ ማለቴ ነው፤ የጅማ ልጅ ያውቀዋል። መኪናው ውስጥ አራት ሰው፣ እርጥብ ጃኬት፣ እርጥብ ጫማ። የፊት መስታወቱ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አጓት መሰለ። መስኮት ስከፍት ዝናቡ ይገባል፣ ስዘጋ ምንም አይታይም። ባለቤቴ እንደ ልማዷ ሻርፗን ፈትታ መስታወቱን ትወለውላለች፤ እኔ እሷ በጠረገችልኝ የድስት ክዳን በምታህል ክብ አጮልቄ እነዳለሁ። ከፊት ባጃጅ፣ ከኋላ አይሱዙ። ከኋላ የተቀመጠው የአጎቷ ልጅ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኤሲው አይሠራም እንዴ?»

ወንድሜ፣ ይቺን ኤሲ በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ጋዝ አስሞልቻታለሁ። አራት ጊዜ! አራቱም ባለሙያዎች፣ አንዱ እንዲያውም ኮፈኑን ሳይከፍት፣ ያሉኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጋዝ ጨርሷል ጋሼ።»

እንዴት ነው የሚጨርሰው? ናፍጣ ነው? ይቃጠላል? በጭስ ማውጫ ይወጣል? ይሄ ጋዝ እኮ የሚዞር ነው። ኮምፕረሰሩ ጨምቆ ይገፋዋል፤ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ላይ ሙቀቱን ጥሎ ፈሳሽ ይሆናል፤ በኤክስፓንሽን ቫልቯ ጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ዳሽቦርዱ ሥር ያለው ኢቫፖሬተር ውስጥ ሲገባ ይተናል፤ ሲተን ሙቀት ይመጥጣል፤ ተመልሶ ኮምፕረሰሩ ጋ። በቃ። ቤታችሁ ያለው ፍሪጅ ስንት ዓመቱ ነው? በየሦስት ወሩ ጋዝ የሚሞላለት ሰው አለ? እሺ፣ የመኪና ትንሽ ይለያል፤ የጎማ ቱቦ አለው፣ ኮምፕረሰሩ አፍ ላይ ያለው ማሸጊያ (ሲል) ከዓመት ዓመት ትንሽ ያንጠባጥባል። በሁለት ወር ውስጥ ሙልጭ ካለ ግን የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ጎሚስታ እንኳ የተነፈሰ ከለመዳሪ ስትወስድለት ዝም ብሎ ነፍቶ አይሰጥህም። ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልጋል። ከሱ እጥፍ የሚያስከፍለኝ የኤሲ ባለሙያ ግን ነፍቶ ይልከኛል።

አውቃለሁ፣ አሁን አስተያየት ላይ «ጅማ ደግሞ ኤሲ ምን ያደርጋል? መስኮት ክፈት!» የሚል ይመጣል። ይሄ ነገር ሰልችቶኛል። ኤሲ ማለት ቅዝቃዜ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አየሩ በቀዝቃዛው ኢቫፖሬተር ላይ ሲያልፍ ርጥበቱ ጠል ሆኖ እዚያው ይቀራል። ሰው መኪናው የሚያፈስ መስሎት የሚደነግጥለት፣ ከሥር ጠብ ጠብ የሚለው ውኃ እሱ ነው። የደረቀው አየር መስታወቱ ላይ ሲነፍስ ጉሙ ይጠፋል። ከማሞቂያው ጋር አንድ ላይ ስትከፍተው ደግሞ ሞቅ ያለ ደረቅ አየር ታገኛለህ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ለኛ የሚያስፈልገን እሱ ነው። ለድሬዳዋ ሰው ኤሲ ምቾት ነው፤ ለኔ ዓይኔ ነው። ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ ከሰኮሩ በኋላ ወደ ጊቤ በረሃ መውረድ አለ። እዚያስ መስኮት ክፈት የምትለኝ ና አብረን እንሂድ።

መኪናዋ ሃይሉክስ ናት፤ እ.ኤ.አ. የ1990 ሥሪት፣ ቱርቦ የሌለው 2.8 ሊትር ናፍጣ። ሞተሩ ግሩም ነው፤ እኔን ይቀብረኛል። ችግሩ ኤሲዋ የተሠራችው ለአር-12 ጋዝ ነው። ያ ጋዝ የኦዞን ሽፋንን ይበላል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመበት፤ ያደጉት አገሮች እ.ኤ.አ. በ1996፣ እንደኛ ያሉት በ2010 ምርቱን እንዲያቆሙ ተደረገ። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ምትኩ አር-134ኤ ነው። ግን ምትክ ማለት አውጥተህ ሌላውን መጨመር ብቻ አይደለም። ይሄን የነገረኝ ሰው ጠፍቶ ስንት ብር ከሰከስኩ!

የመጀመሪያው ባለሙያ ምን አደረገ? አዲሱን ጋዝ በድሮው ቱቦ፣ በድሮው ኦሪንግ (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ ቀለበት)፣ በድሮው ዘይት ላይ ለቀቀው። የአር-12 ዘይት ሚኒራል ነው፤ ከአር-134ኤ ጋር አይዋሃድም። ጋዙ ሲዞር ዘይቱን ይዞ አይመለስም፤ ዘይቱ የትም ተኝቶ ይቀራል፣ ኮምፕረሰሩ ደርቆ ይፈጫል። የኔም ተፈጨ። የብረት ብናኙ መስመሩ ውስጥ ሁሉ ገባ። ባለሙያው ምን አለኝ? «ኮምፕረሰሩ አርጅቶ ነው።» አርጅቶ? አንተ ነህ እኮ ያስረጀኸው!

ሁለተኛው ደግሞ ጋዙ በሚያልፍባት ፊልተር ላይ ያለችውን የመስታወት ቀዳዳ እያየ ነው የሚሞላው። «አረፋው እስኪጠፋ» አለ በኩራት። ያ ዘዴ ለአር-12 ይሠራል፤ በአር-134ኤ ግን አረፋው እስኪጠፋ ከሞላህ አብዝተሃል። ይሄኛው መመዘን ነው ያለበት፤ ብዙ ጊዜ ከድሮው ልክ ከ80 እስከ 85 በመቶ ይበቃዋል። ሚዛን አለህ ወይ ስለው ሳቀ። የቡና ከተማ ውስጥ ሚዛን ጠፍቶ! ግፊቱ በዝቶ አሰንዳቦ ሳልደርስ አንድ ቱቦ ፈነዳ። ባለቤቴ ጎማ መስሏት ነበር።

ሦስተኛውን አልረሳውም። ልቡ ደግ ነው፤ ቀዳዳ ልፈልግ ብሎ ተነሣ፤ በመጨረሻ አንድ ሰው ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ቱቦውን ይዞ ወዴት ሄደ? ጎረቤት ጎሚስታ ቤት! የጎማ መንፊያውን አየር መስመሩ ውስጥ ለቀቀው። በጅማ ክረምት ያ አየር ግማሹ ውኃ ነው። ውኃ የኤሲ ጠላት ነው፦ የቫልቯ ጠባብ ቀዳዳ ላይ በረዶ ሆኖ ይዘጋታል። አሥር ደቂቃ ግሩም ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ጸጥ። አጥፍተህ ስትቆይ በረዶው ይቀልጣል፣ እንደገና አሥር ደቂቃ። ሲቆይ ደግሞ ውኃውና ጋዙ ተደባልቀው አሲድ ይሆኑና ብረቱን ከውስጥ ይበሉታል። ቀዳዳ የሚፈለገው በደረቅ ናይትሮጂን ነው።

የአራተኛው ጥፋት ደግሞ ራሱ ጋዙ ላይ ነው። የፍሪጅና የቤት ኤሲ የሚሠራ ልጅ ነው፤ አር-22 የሚባለውን የቤት ኤሲ ጋዝ ሊሞላልኝ ሲል እጁን ያዝኩት። የዚያ ጋዝ ግፊት በጣም ከፍ ያለ ነው፤ የድሮ ቱቦ አይችለውም። «ግን ጋሼ፣ በደንብ ይቀዘቅዛል እኮ!» አዎ፣ እስኪፈነዳ ድረስ። በመጨረሻ 134 ሞላልኝ፤ በሁለት ወር ተነፈሰ።

ከዚህ በኋላ ነው ወገቤን ታጥቄ ራሴ የገባሁበት። አንድ ወጣት መካኒክ ይዤ፣ ሥርዓቱን ሙሉ ለመቀየር። ዕቃው ጅማ የለም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሦስት ቀን ተንከራተትኩ። የምንዛሪው ነገር በሐምሌ 2016 ከተቀየረ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ስትጠይቅ ሻጩ መልስ ከመስጠቱ በፊት ስልኩን ያያል፤ ጠዋት የሰማኸው ከሰዓት የለም። ሳንደን የሚባል ኮምፕረሰር ያገለገለ አገኘሁ። ኮንደንሰሩን ግን አዲስ ነው የገዛሁት፤ ፓራለል ፍሎው የሚባለውን። የድሮው አንድ ረጅም ቧንቧ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ነው፤ አዲሱ ጋዙን በብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች እኩል ስለሚበትነው ሙቀት ቶሎ ይጥላል፤ ለአር-134ኤ ደግሞ ይሄ ይመረጣል። ከዚያ ውስጡ ናይለን ያለው ባሪየር ቱቦ፤ ምክንያቱም የአዲሱ ጋዝ ቅንጣት ከድሮው ስለሚያንስ በድሮ ጎማ ሾልኮ ይወጣል። አረንጓዴዎቹ ኦሪንጎች። አዲስ ፊልተር። ፓግ ዘይት። ከአር-134ኤ ጋር የሚዋሃደው የዚህ የፓግ ዘይት ነገር ሌላ ብሶት ነው፦ ከአየር ላይ ርጥበት ይጠጣል፤ እኔ የተሸጠልኝ ጣሳ ግን ተከፍቶ ክዳኑ በፌስታል የታሰረ ነበር። መለስኩት። ሻጩ እንደ ዕብድ አየኝ።

ዳሽቦርዱን ስንፈታ ኢቫፖሬተሩ ላይ ያገኘነውን ብነግራችሁ አታምኑም። ቅጠል፣ አቧራ፣ የቡና ገለባ፣ የአይጥ ጎጆ። የውኃ መውጫዋ ቱቦ በጭቃ ተደፍናለች። ለካ ባለቤቴ እግር ሥር ሁሌ ምንጣፉ የሚርሰው ለዚህ ነው! ጣሪያው ያፈሳል ብዬ ሁለት ጊዜ ሲሊኮን አስቀብቻለሁ።

አሁን ወደ ቫኪዩሙ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ያበድኩት ራሴ ነኝ፣ ልናዘዝ። ጋዝ ከመሙላትህ በፊት መስመሩን በፓምፕ አርባ ደቂቃ ያህል ትመጥጠዋለህ፤ አየሩም ርጥበቱም እንዲወጣ። ፓምፕ ተበደርን። ያየሁት ማስተማሪያ ሁሉ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ ይጠጋል ይላል። የኔ 24 ላይ ተገትሮ ቀረ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ 24። ፓምፑ ተበላሽቷል ብዬ ባለቤቱን በስልክ ጮህኩበት፣ ቱቦዎቹን እንደገና ፈታን አሰርን፣ ልጁን አስመሸሁት። በሦስተኛው ቀን የፊዚክስ መምህር የሆነ ጓደኛዬ ቡና ላይ ሳለቃቅስለት ሰምቶኝ ሳቀ። «ጅማ እኮ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ያልፋል፤ የአየሩ ግፊት ራሱ ከ24 ኢንች በላይ የለውም፤ ከየት አምጥቶ ይምጠጥልህ? አዲስ አበባ ብትሆንማ ከዚህም ያንስ ነበር።» ፓምፑ ደህና፣ ቱቦው ደህና። የፓምፑን ባለቤት ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ልጁንም ክትፎ ጋብዣለሁ።

ግን ማስተማሪያው ሁሉ ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ነው እንዴ የሚዘጋጀው? ደጋ ላይ መኪና የለም?

አሁን ይሠራል። ሲከፈት ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትረግጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ወርዶ መኪናዋ ስትንቀጠቀጥ ነበር፤ ዲናሞው ጀርባ ካለችው የቫኪዩም ፓምፕ የምትመጣው፣ ኤሲ ሲከፈት ሚኒሞውን ከፍ የምታስደርገው ቀጭን ቱቦ ወልቃ ነው፤ ማንም አይቷት አያውቅም፤ ሁሉም የሚኒሞዋን ቡሎን ያዞራል። የጊቤን ዳገት ወደ ወልቂጤ ስወጣ አጠፋዋለሁ፤ ከዚህ ሞተር ላይ ከ4 እስከ 5 ፈረስ ጉልበት ሲወሰድ ከኋላ ያለው አይሱዙ ይቀድምሃል።

ትናንት ደግሞ በድንገት ቆመ። ፋኑ ይነፍሳል፣ ቅዝቃዜ የለም፣ የኮምፕረሰሩ «ጠቅ» የምትለው ድምፅ የለችም። ያ የአጋሮው ሐሙስ ትዝ ብሎኝ፣ ለመጀመሪያው ባለሙያ ደወልኩ። ለምን እንደደወልኩ አላውቅም። ገና «ኤሲው» ስል ምን አለኝ?

«ጋዝ ጨርሷል ጋሼ።»

10 አምፔር ፊውዝ ነበር።

ለማንኛውም፣ ጅማ ውስጥ ደረቅ ናይትሮጂን ከነመቆጣጠሪያው ያለው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ። የጎሚስታ አየር የምትሉ አትጻፉልኝ።